የሞተሩ ዐይነት ሳይታወቅ መለዋወጫ ዕቃ አይታዘዝ

ንግድ ማለት ዕቃን ከበዛበት ስፍራ ወደ አነሰበት ስፍራ ማድረስ ብቻ አይደለም። ገዢው የሚያስፈልገውን ነገር ለይቶ ማወቅና ያንኑ ሳያዛንፉ ማቅረብ የነጋዴነት ዋና ክፍል ነው። ይህ ዕውቀት እጅግ ከሚፈለግባቸው የንግድ ዘርፎች አንዱ የአውቶሞቢል መለዋወጫ ዕቃ ንግድ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ የተሰማሩት አስመጪዎችና ባለሱቆች ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ።

ጉዳዩም እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ የገቡት ትንንሽ የቤንዚን አውቶሞቢሎች ተተኪ ሳይጠብቁ ረዥም ዘመን ማገልገል ግድ ሆነባቸው። ባለንብረቱ አሮጌውን ሸጦ ሌላ የቤንዚን መኪና የሚገዛበት መንገድ ሲጠብ፣ የመኪናው ዕድሜ የሚወሰነው በመካኒኩ እጅና በባለሱቁ መደርደሪያ ነው። በመኪናው ላይ የታክሲ ነጂው የዕለት እንጀራ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የብዙ ዓመት ቁጠባ ተንጠልጥሏል። እንግዲህ በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ላይ የሚደረግ ስሕተት እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይሆንም።

ከስሕተቶቹም ሁሉ የሚብሰው መለዋወጫን በመኪናው ስም ብቻ ማዘዝና በመኪናው ስም ብቻ መሸጥ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በብዛት የሚታየው ቪትዝ የተባለው የቶዮታ አውቶሞቢል ነው። ይህ መኪና በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2005 ሁለተኛው ዐይነት፣ በ2010 መጨረሻ ሦስተኛው ዐይነት ተተካ። በ2020 ስሙ ቀርቶ በጃፓንም እንደ አውሮፓ ሁሉ ያሪስ ተብሎ መጠራት ጀመረ። በእነዚህ 20 ዓመታት ውስጥ ስሙ አንድ ሆኖ ሲቆይ፣ በኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ግን አንድ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቪትዝ ላይ የተገጠመው ባለ አንድ ሊትር ሞተር 1ኤስዜድ-ኤፍኢ ይባላል። 4 ሲሊንደርና 16 ቫልቮላ አለው። የሲሊንደሩ ወርድ 69 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 66.7 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዞታው 997 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በሁለተኛው ቪትዝ ላይ የተገጠመው ባለ አንድ ሊትር ሞተር ግን 1ኬአር-ኤፍኢ የተባለው፣ የቶዮታ የቅርብ ባልደረባ የሆነው የዳይሃትሱ ኩባንያ ያበጀው ነው። ይህኛው 3 ሲሊንደርና 12 ቫልቮላ ብቻ አለው። የሲሊንደሩ ወርድ 71 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 83.9 ሚሊ ሜትር፣ ይዞታው 996 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የሁለቱም ኀይል በደቂቃ 6,000 ዙር ሲደርሱ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

በወረቀት ላይ 997 እና 996 ተብሎ ሲነበብ ልዩነቱ የአንዲት ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ሞተሮቹ ግን ዘመድ አይደሉም። የአንዱ ፒስቶን ለሌላው አይሆንም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን አንዱ ለ4፣ ሌላው ለ3 ሲሊንደር የተበሳ ነው። አንዱ 4 ቦቢናና 4 ካንዴላ ሲፈልግ ሌላው 3 ይበቃዋል።

ባለ 1.3 ሊትር የሆነው ቪትዝ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሳስታል። በሁለተኛው ዐይነት ውስጥ በፊት እግሩ ብቻ የሚሄደው 2ኤስዜድ-ኤፍኢ የተባለውን፣ በ4 እግሩ የሚሄደው 2ኤንዜድ-ኤፍኢ የተባለውን ሞተር ይዟል። የመጀመሪያው ሲሊንደር ወርዱ 72 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 75 ሚሊ ሜትር ነው። በሦስተኛው ዐይነት ላይ ደግሞ 1,329 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዞታ ያለው 1ኤንአር-ኤፍኢ የተባለ ሌላ ሞተር መጣ። ባለ 1.5 ሊትር የሆነው 1ኤንዜድ-ኤፍኢም ሲጨመር፣ ቪትዝ በሚለው አንድ ስም ሥር 6 የተለያዩ የቤንዚን ሞተሮች ይቈጠራሉ።

አንድ አስመጪ «ለቪትዝ፣ 1.3 ሊትር፣ የ2006 ሥሪት የሚሆን የፒስቶን ፋሻ» ብሎ 200 ሙሉ ዕቃ ቢያዝ ላኪው የሚልክለት ከሁለቱ አንዱን ነው። የመጣው ባለ 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ወደ ሱቁ የሚመጡት ደንበኞች የያዙት ባለ 72 የሆነ እንደ ሆነ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ልዩነት ገንዘቡን በመደርደሪያ ላይ ታሥረዋለች። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ተለውጦ የብር ዋጋ በብዙ ከወረደ ወዲህ፣ ያለ ቦታው የታዘዘ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ቀድሞ ከነበረው እጅግ ይከብዳል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ማለት ለዚህ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ዕቃው ሳይመለስ ሲቀር ነው። ባለሱቁ ዕቃው ከሚቀመጥበት ይሸጥ ብሎ «ይሆናል፣ ግጠመው» ያለ እንደ ሆነ፣ መካኒኩም ሊያስተካክለው ሞርዶና አጥቦ ያስገባው እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ ከነጋዴው ደብተር ወጥቶ በደንበኛው ሞተር ላይ ያርፋል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ከኮፈኑ ሥር ባለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የመኪናው የሞዴል ቁጥር ተጽፏል። የዚህ ቁጥር ፊተኛ ፊደል የሞተሩን ቤተ ሰብ ይናገራል። ኤስሲፒ10 የሚለው 1ኤስዜድን፣ ኬኤስፒ90 የሚለው 1ኬአርን፣ ኤስሲፒ90 የሚለው 2ኤስዜድን፣ ኤንሲፒ95 የሚለው 2ኤንዜድን ያመለክታል። በሊብሬው ላይም የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሰፍሯል። ሆኖም ከውጭ በመጣ ያገለገለ ሞተር የተለወጠላቸው መኪናዎች ስላሉ ሰሌዳውና ሞተሩ የማይስማሙበት ጊዜ ይኖራል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የመጨረሻው ምስክር በራሱ በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው።

በሞተር ዐይነት ማዘዝ ከኪሳራ ማዳን ብቻ ሳይሆን ትርፍም አለው። 1ኬአር-ኤፍኢ በቪትዝ ላይ ብቻ የተገጠመ አይደለም። በቤልታ፣ በፓሶና በአይጎ፣ እንዲሁም ከቶዮታ ውጭ በሲትሮዬን ሲ1 እና በፔዦ 107 ላይ ይገኛል። 1ኤስዜድ-ኤፍኢ በፕላትዝም ላይ አለ። እንግዲህ በሞተሩ ስም የሚያዝ ነጋዴ በአንድ ጭነት የብዙ መኪና ባለቤቶችን ሲያስተናግድ፣ በመኪናው ስም የሚያዝ ግን ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊገዛው ይችላል። የአንድ ሞተር ሥሪትም ከዓመት ወደ ዓመት መሻሻል ስለማይቀርለት፣ ከሞተሩ ዐይነት ጋር የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ይገባል።

ዐይነቱ ከታወቀ ዘንድ፣ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሞተሮቹን የተለመደ ድካም ማወቅ ነው። ነጋዴው ምን እንደሚያልቅና ስለምን እንደሚያልቅ ካላወቀ ምን ያህል እንደሚያዝ ሊያውቅ አይችልም። እነዚህ ሞተሮች በመሠረቱ ጠንካሮች ናቸው። የሚጎዷቸው ነገሮች ግን ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛዎቹ ዘይትና ሙቀት ናቸው።

ስለ ዘይት የሚባለው እንዲህ ነው። ባለ አንድ ሊትር የሆነው ሞተር በሆዱ የሚይዘው ዘይት 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ዘይቱ በጊዜው ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ ጥላሸት ሆኖ በፒስቶኑ ፋሻ ላይ ይጋገራል፤ ዘይት የሚመለስባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። በትልቅ ሞተር ላይ አንድ ሊትር ቢጎድል ብዙ ላይሰማ ይችላል፤ ከ3 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ሲጎድል ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። የቀረው ጥቂት ዘይት ፈጥኖ ይሞቃል፣ ፈጥኖ ይበላሻል፣ የተበላሸውም ደግሞ ፋሻውን አብዝቶ ያጣብቃል።

ጉዳቱ በፒስቶኑ ላይ አይቆምም። የእነዚህ ሞተሮች ቫልቮላ የሚነዳው በቺንጋ ሳይሆን በካቴና ነው። ካቴናውን የሚያለሰልሰውም የሚወጥረውም ዘይቱ ነው። የቫልቮላውን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይ የተባለው መሣሪያም በዘይት ግፊት በቀጭን መተላለፊያ ይሠራል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማው የካቴና መንቀጫቀጭ፣ ዳገት ላይም የሚታየው ስንፍና ብዙ ጊዜ መነሻቸው ይኸው የዘይት ጉድለት ወይም ቆሻሻ ነው።

እዚህ ላይ የባለሱቁ ድርሻ ይመጣል። «ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚለው አባባል ለቀድሞዎቹ ሞተሮች ምናልባት ይሠራ ነበር። 5ደብልዩ-30 እንዲጠጣ ለተሠራ፣ መተላለፊያው ጠባብ ለሆነ ሞተር ግን እጅግ ወፍራም የሆነ ዘይት መስጠት ጭሱን ለጥቂት ቀን ሸፍኖ ሌላውን ክፍል ማስራብ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል ታክሲ ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ኪሎ ሜትሩ አይቈጥርም፤ ዘይቱ ግን ያረጃል። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ከነፊልትሮው መለወጥ፣ በመካከሉም በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ማየት ሞተሩን የሚያቆይ ነገር ነው። ይህን አንድ ቃል ለገዢው የሚናገር ባለሱቅ ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ሸጠለት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በዚህም ረገድ የአገራችን ከፍታ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዚህ የተነሣ በወረቀት ላይ 70 የሆነው የፈረስ ጉልበት በዚህ ስፍራ ወደ 55 ገደማ ይወርዳል። አምስት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ትንሽ መኪና ባነሰ ማርሽና በብዙ ዙር መጮኹ ስለዚህ ነው፤ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ከፍታው በውሃውም ላይ ይሠራል። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እስከ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዘው ነው። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህንኑ ግፊት ያመለክታል። የክዳኑ ጎማ ያረጀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ እንደ ሆነ ግፊቱ ይጠፋል። በብዙ መኪና ላይ የኤሌክትሪኩ ማራገቢያ የሚነሣው ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ ማራገቢያው ሳይነሣ ውሃው ይፈላል። ውሃው ሲያልቅ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነ ክዳን በጊዜው ባለመለወጡ ሞተሩ በሙሉ ይፈታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ፀረ በረዶ የሚባለው ፈሳሽም ስሙ ጎድቶታል። በአዲስ አበባ ውሃ በራዲያተር ውስጥ አይረጋምና ብዙ ሰው «ለእኛ ምን ያደርግልናል» ብሎ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። የፈሳሹ ዋና ጥቅም ግን በዚህ አገር በረዶን መከላከል ሳይሆን፣ የውሃውን መፍያ ከፍ ማድረግና አሉሚኒየሙን ከመበላት ማዳን ነው። ተራ ውሃ ዝገትና ደለል ያመጣል፤ ደለሉም ራዲያተሩን ይደፍናል፣ የውሃውን ፓምፕ ማኅተም ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት 1ኬአር ሞተሮች ላይ የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ አስቀድሞም የታወቀ ድካም ስለ ሆነ፣ ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ገበያ አያጣም፤ ፈሳሹንም አብሮ ቢያቀርብ ደንበኛውን ይጠቅማል።

የቀሩት ድካሞች ቀላል ናቸው። ባለ 3 ሲሊንደሩ ሞተር በተፈጥሮው ስለሚንቀጠቀጥ ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች ቶሎ ያልቃሉ። ቦቢና አንዱ ሲደክም ሞተሩ በሁለት ወይም በሦስት ሲሊንደር ብቻ ይሠራል፤ እንዲህ ሆኖ ሲነዳ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው በኩል ይወጣል። አየር የሚገባበት በር በአቧራና በዘይት ጭስ ሲቆሽሽ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንገጫገጫል። ይህ የመጨረሻው አዲስ ዕቃ ሳይሆን ጽዳት ብቻ የሚፈልግ መሆኑን ለደንበኛው መንገር ለጊዜው ሽያጭ ያሳጣል፤ ደንበኛውን ግን ያስቀራል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ገዢው የሚጠይቀው ርካሹን ነው፤ ሱቅ ትምህርት ቤት አይደለም» የሚል ነው። ገዢው ርካሽ መፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን ርካሽና ውድ የሚለየው በሽያጭ ቀን በተከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ የሚፈታ ሞተር የመካኒኩን ዋጋና የሥራ ማቆሙን ቀን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ገዢው ይህን ሒሳብ የማያደርገው ስለማይችል ሳይሆን፣ በፊቱ የተቀመጡት ሁለት ካርቶኖች አንድ ስለሚመስሉት ነው። የዕቃው ዐይነት፣ የተሠራበት አገርና መጠኑ በግልጥ ቢጻፍ፣ ርካሹን የመረጠው ገዢ እንኳ ዐውቆ መረጠ ይባላል። ያልታወቀን ዕቃ በታወቀ ኩባንያ ካርቶን አድርጎ የሚሸጥ ሰው ግን ከገዢው ይልቅ የሚጎዳው በእውነት የሚነግደውን ጎረቤቱን ነው፤ የገበያ እምነት አንዴ ከጠፋ ለሁሉም ይጠፋልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለ ቤንዚን ሞተር መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል» የሚል ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መምጣቱ አይካድም። ነገር ግን የመጣው መኪና የነበረውን ከመንገድ አያነሣውም። በአውራጃ ከተሞችና ኀይል መሙያ ገና ባልተስፋፋበት መንገድ የሚሠሩት ትንንሽ የቤንዚን መኪናዎች ብዙ ዓመት ይሠራሉ። እንዲያውም አዲስ መምጣታቸው ሲቀንስ ለአሮጌዎቹ የሚፈለገው ዕቃ ይበዛል እንጂ አያንስም። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ይጠቀማል።

ከዚህ በላይ በተመለከተው ምክንያት፣ በዚህ ንግድ የተሰማሩት ሁሉ ሊስማሙባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አስመጪው በትእዛዝ ወረቀቱና በፋቱራው ላይ ከመኪናው ስም አስቀድሞ የሞተሩን ዐይነትና የተሠራበትን ዓመት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሞተሩን ቁጥር ወይም አሮጌውን ዕቃ ይጠይቅ፤ በደረሰኙም ላይ ይመዝግብ። ሦስተኛ፣ በሻጩ ስሕተት የተሰጠ ያልተገጠመ ዕቃ በተወሰነ ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚለወጥበት ልማድ ይቁም። አራተኛ፣ የየሞተሩን ዐይነት፣ የሲሊንደሩን ወርድ፣ የሚጠጣውን ዘይትና የራዲያተሩን ክዳን ግፊት የሚያሳይ አንዲት ገጽ ሰንጠረዥ በአማርኛ ተዘጋጅታ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ትለጠፍ። ይህን የመጨረሻውን ለማዘጋጀት የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ቢተባበሩ ወጪው ከአንድ ካርቶን ፋሻ ዋጋ አይበልጥም።

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሌላ ከተማ ገበያ «የቪትዝ ፓምፕ አለ ወይ?» ብሎ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ መኪናው በጋራዥ ተፈትቶ፣ ሥራው ቆሞ የመጣ ነው። «አለ» ብሎ ቶሎ የሚያነሣለት ባለሱቅ ለጊዜው ደስ ያሰኘዋል። «የትኛው ሞተር ነው ያለዎት?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የሚያስፈልገውን ይሰጠዋል። ይህች አንዲት ጥያቄ በየሱቁ የተለመደች ቀን የብዙ ነጋዴ ገንዘብ ከመደርደሪያ ላይ ይፈታል፤ የብዙ ሰው ሞተርም ከመሞት ይድናል።